ለክቡር የሰዓት መሙያ ዘንግ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመሳቢያ ስለመውጣት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሰዓቴ ግን ቆሟል። እዚህ ለንደን ሰፈሬ ያለው ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ፈቶ አየልኝ። ሞላው ደህና ነው። ጥርሶቹም ደህና ናቸው። የጎደሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ለማያውቅዎት አንባቢ ላስተዋውቅ። እርስዎ ቀጭን፣ አጭር የብረት ዘንግ ነዎት። አንዱ ጫፍዎ ላይ ሰው በጣቱ የሚያሽከረክራት ራስ ትታሰራለች። በሌላው ጫፍዎ ሆድ ዕቃው ድረስ ገብተው ሞላውን ያጠብቃሉ፣ ሰዓቱን ያስተካክላሉ። ውኃ የሚከላከለው ጎሚኒ ሲያረጅ ላብና ውኃ ይገባብዎታል፣ ይዝጋሉ፣ አንድ ቀን ቀጭ ይላሉ። ምትክዎ ረዘም ብሎ ይመጣል። ሰዓት ሠሪው በልክ ይቆርጠዋል፣ በሞረድ ያስተካክለዋል፣ ይሰካዋል። አለቀ። ከመቶ በላይ ዕቃ ካለው ሰዓት ውስጥ ቀላሉ ሥራ ይኸው ነው።

ችግሩ እርስዎ አይመጡም።

ሰዓት ሠሪው ለኩባንያዎ ጻፈ። ስሙን አልጠራም፣ ክብርዎን ላለመንካት ነው። መልሱ ባጭሩ «መለዋወጫ የምንሰጠው እኛ ፈቃድ ለሰጠነው ብቻ ነው፤ ደንበኛው ሰዓቱን ወደ እኛ ይላክ» የሚል ነበር። እኔም ጠየቅኋቸው። እርስዎን ብቻ ለመቀየር ፈቃደኛ አይደሉም። ሙሉ እድሳት ነው የሚያደርጉት። ተፈትቶ ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ቀፎው ይወለወላል፣ እነሱ ያረጀ የመሰላቸው ሁሉ ይቀየራል። የቆየ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ። ለነሱ የሰዓቱ ዋጋ ያለው እዚያው ባረጀው ፊቱ ላይ ነውና።

ሒሳቡን ተዉት። በዚያ ገንዘብ ሌላ ሰዓት ይገዛል። ሳይሆን አይቀርም ሐሳቡም እሱ ነው።

የሚገርመኝ ክብርዎ ነው። እኔ የሼንገን ቪዛ ተከልክዬ አውቃለሁ። ኤምባሲው ቢያንስ ምክንያቱ ላይ ምልክት ያደረገበት ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ይግባኝ የሚባልበትንም ነግሮኛል። እርስዎ ዘንድ ግን ይግባኝ የለም።

በስምዎ የሚነገረውን ምክንያት ሰምቻለሁ። ጥራት! ሐሰተኛ ዕቃ እንዳይገባ! ዕድሜ ልኩን አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ የኖረ ሰው እርስዎን ያበላሽዎታል ተብሎ ተፈርቷል። እውነቱን ለመናገር በቢላዋ የሰዓት ክዳን የሚከፍትም አለ፣ አልክድም። እሱን ይከልክሉት። ትምህርቱን የጨረሰው፣ የውኃ መፈተሻውንም ማጠቢያ ማሽኑንም በብድር የገዛው ግን ምን አጠፋ? ደግሞስ ኦሪጅናሉን ቆልፎ ስለ ፎርጅድ ማልቀስ ምን ይሉታል? ሰዓቱ መሥራት አለበት። እርስዎ ካልመጡ የሚመጣው የቻለው ነው።

በእርስዎ የተነሳ አውሮፓ ስንት ዓመት እንደተካሰሰች ያውቁ ይሆን? መሳቢያ ውስጥ ዜና አይደርስ ይሆናል፣ ልንገርዎ። በ2004 (እ.ኤ.አ. ነው) የአውሮፓ ሰዓት ጠጋኞች ማኅበራት ተሰባስበው «አምራቾቹ መለዋወጫ ከለከሉን» ብለው ለአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ አራት ዓመት አሰበበት። በ2008 «ለኅብረቱ ያን ያህል የሚያሳስብ ጉዳይ አይደለም» ብሎ መለሳቸው። ጠጋኞቹ እጃቸውን አልሰጡም። ሉክሰምበርግ ያለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሄዱና በ2010 ረቱ፤ ውሳኔው ተሻረ። ያኔ እኔ ብሆን ጠጅ እጥል ነበር። ኮሚሽኑ በ2011 መዝገቡን እንደገና ከፈተ፣ በ2014 እንደገና ዘጋ። ጠጋኞቹም እንደገና ከሰሱ። በዚህኛው ዙር ሰዓት አምራቾቹ ሮሌክስ፣ ስዋች ግሩፕና ኤልቪኤምኤች ከኮሚሽኑ ጎን ተሰለፉ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑ ልክ ነው አለ። ጥራትን ለመጠበቅና ሐሰተኛ ዕቃን ለመከላከል ተብሎ መለዋወጫን ለተመረጡ ጠጋኞች ብቻ መስጠት ይቻላል ማለት ነው። 13 ዓመት! እርስዎ በዚህ ሁሉ መሃል ንቅንቅ አላሉም።

እዚህ እንግሊዝም የባሰ አለ። ሮምፎርድ ውስጥ ካዝንስ የሚባል የሰዓት ዕቃ ጅምላ ነጋዴ አለ። ትንንሾቹ ሰዓት ሠሪዎች የሚቀዱት ከሱ ነው። ስዋች ግሩፕ፣ ማለትም የኦሜጋ፣ የሎንጂን፣ የቲሶና የራዶ ባለቤት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ዕቃ ማቅረብ አቆመበት። ካዝንስ «እከሳለሁ» ብሎ አስጠነቀቀ። ስዋች ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀድሞ አገሩ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ፍርድ ቤት ሮጠና እሱ ራሱ ከሳሽ ሆነ። «የመሸጥ ግዴታ እንደሌለብኝ ፍረዱልኝ» አለ። በ2018 የስዊስ የበላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ክስ ተቀባይነት አለው ብሎ በሩን ከፈተለት። ተከሳሽ ሊሆን የነበረው ሰው አገሩ ላይ፣ በሰፈሩ ዳኛ ፊት፣ ከሳሽ ሆኖ ቁጭ አለ። ብልጠቱንስ አደንቃለሁ።

በ2024 የአውሮፓ ኅብረት የመጠገን መብትን በሕግ አወጣ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ዝርዝሩን አየሁት። ልብስ ማጠቢያው አለ፣ ፍሪጁ አለ፣ የምንጣፍ መጥረጊያው አለ፣ ሞባይሉ አለ። እርስዎ የሉበትም።

እና ሰዓት ሠሪዎቹ ምን ያደርጋሉ? ያርዳሉ። አዎ፣ ልክ መኪና ለመለዋወጫ እንደሚታረደው። አንድ የሞተ ሰዓት በጨረታ ይገዛሉ፣ ሆዱን ከፍተው የሚፈልጉትን ያወጣሉ፣ የቀረውን ለሌላ ቀን በትንሽ ብልቃጥ ያስቀምጣሉ። አንድ ሰዓት እንዲነሳ አንድ ሰዓት ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ለልጅ ልጅ የሚወረስ ነው በተባለለት ዕቃ ነው።

የአዲስ አበባዎቹማ ድሮም ቀጥታ አያገኙዎትም። እነሱ የሚያገኙዎት በእኛ ሻንጣ ነው። ስሄድ የሰዓት መስታወትና ጎሚኒ እይዛለሁ፤ ስመጣ በርበሬና ሽሮ። ፒያሳ ያሉት አንድ ጋሼ ትንሽ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፈው ይሰጡኛል። «ይቺን ብቻ ፈልግልኝ ልጄ፣ ሌላ አላስቸግርህም» ይላሉ። ወረቀቷን ይዤ እዚህ ስጠይቅ «እሱ ከቀረ ቆየ» ይሉኛል። ሮምፎርድ ሲዘጋ ፒያሳም ይደርቃል። ጋሼ ስለ በርን ፍርድ ቤት አልሰሙም። የሚመስላቸው እኔ ሰንፌ ነው።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ከመሳቢያዎ ወጥተው፣ በፖስታ ቤት በኩል፣ ፈርሞ ለሚረከብዎ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ እንዲደርሱ በትሕትና አመለክታለሁ። ዋጋዎን እንከፍላለን። ሥርዓት ከተፈለገ ሰዓት ሠሪው የምስክር ወረቀቱን አባሪ አድርጎ ይልካል፤ እኔም የተሰበረውን ወንድምዎን በማስረጃነት አያይዛለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦

ለክብርት ጎሚኒ፦ የእርስዎ ደብዳቤ በዝግጅት ላይ ነው።

ፒያሳ ለሚገኙት ጋሼ፦ እውነቴን ነው፣ ፈልጌ አጥቼው ነው።

ኢቤይ ላይ «አይሠራም፣ ለዕቃ የሚሆን» ብሎ ያንኑ ሞዴል ለለጠፈው ወንድም፦ የመጨረሻ ዋጋህን ንገረኝ።