ፊኛን ሩቅ የሚያደርሰው ነፋሱን ማወቅ ነው፤ ጅማም ነፋሷን ትለካ

በሐምሌ ወር ዝናቡ ለጥቂት ሰዓታት ጋብ ሲል ከጅማ ወደ ጅሬን ኮረብታ ወጥቶ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሞ ሰማዩን በትዕግሥት የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ዝቅ ብሎ የሚሄደው ጥቁር ደመና ብዙውን ጊዜ ከቦንጋ በኩል መጥቶ ወደ ሰኮሩና ወደ ጊቤ ሸለቆ ያመራል፤ ደመናው ገለጥ ሲል እጅግ ከፍ ብሎ የሚታየው፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሳሳው ነጭ ደመና ደግሞ በተቃራኒው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። በአንድ ሰማይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ነፋሳት በሁለት አቅጣጫ ይነፍሳሉ ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ባለፈው ሰሞን በክፍል ውስጥ ስለ ጋዝ ፊኛዎች የረጅም ርቀት በረራ ሳስተምር አንዲት ተማሪ፣ ሞተርም መሪም የሌለው ነገር እንዴት ዓለምን ሊዞር እንደሚችል ጠየቀችኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ባልደረባዬ ጉዳዩ የሀብታም አገር ሰዎች መዝናኛ ስለሆነ ለጅማ ልጅ ምንም እንደማይፈይድለት ነገረኝ። ለተማሪዋ የምሰጠው መልስ ለባልደረባዬም መልስ ይሆናል ብዬ ስለማምን ይህን ጽፌአለሁ።

የጋዝ ፊኛ በእሳት ከሚሞቀው የአየር ፊኛ ይለያል። የሙቅ አየሩ ፊኛ የሚንሳፈፈው ነዳጁ እስከነደደ ድረስ ብቻ ስለሆነ በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ከአየር በቀለለ ሃይድሮጅን ወይም ሂሊየም የሚሞላው ፊኛ ግን ለቀናት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ያነሣል። ስለዚህ 1,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ፊኛ ጨርቁን፣ ቅርጫቱን፣ ሰዎቹንና የአሸዋ ከረጢቶቹን ጨምሮ ከአንድ ቶን ጥቂት የሚበልጥ ክብደት ይሸከማል። ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ጅማ አየሩ ስለሚሳሳ ይኸው ፊኛ የሚያነሣው ክብደት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል።

የጉዞውን ዕድሜ የሚወስነው የቀንና የሌሊት መፈራረቅ ነው። ቀን ፀሐይ ጋዙን ስታሞቀው ፊኛው ያብጣል፣ ወደ ላይም ይወጣል፤ ትርፍ የሆነውም ጋዝ ያመልጣል። ማታ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ፊኛው መውረድ ሲጀምር አብራሪው ክብደት ለመቀነስ አሸዋ ማፍሰስ አለበት። በማግስቱ ደግሞ የቀለለው ፊኛ ከትናንቱ ይበልጥ ይወጣል፣ ይበልጥም ጋዝ ያጣል። ጋዙና አሸዋው እንዲህ ተራ በተራ እየተመናመኑ ሲሄዱ፣ አንዱን ከረጢት መቼ እንደሚያፈስስ በትክክል የሚያውቅ አብራሪ ሌሎች ከወረዱ በኋላም ሌሊቱን ይጓዛል። በእጁ ያለው ውሳኔ መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መታጠፍ የሚችለው ወደዚያ የሚነፍሰው ነፋስ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ ካወቀና ፊኛውን እዚያ ከፍታ ላይ ካቆየው ነው። ከጅሬን የሚታዩት ሁለቱ ደመናዎች ለአንድ የፊኛ አብራሪ ሁለት መንገዶች ናቸው።

ይህ ዕውቀት በሌለበት ዘመን የሆነውን ማስታወስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር ተከብባ ሳለ ስልሳ ያህል ፊኛዎች ደብዳቤና ሰው ይዘው ከከተማዋ ወጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ «ላ ቪል ዶርሌያን» የተባለው፣ በኖቬምበር 24 ሌሊት ሁለት ሰዎች ይዞ ተነሣ፤ ዓላማቸው የጠላትን ጦር አልፎ በፈረንሳይ ምድር መውረድ ነበር። በማግስቱ ግን ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ባሕር አቋርጠው፣ በረዶ በለበሰ የኖርዌይ ተራራ ላይ ወረዱ። ርቀቱ ያስደንቃል፤ ሆኖም ሁለቱ ሰዎች የት እንዳሉ እንኳ ያላወቁበት ጉዞ በመሆኑ በሕይወት የተረፉት በዕድል ነው። ዕድል ያልረዳቸውም አሉ። ስዊድናዊው ሳሎሞን አንድሬ እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1897 ከስቫልባርድ ደሴቶች ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሃይድሮጅን ፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲነሣ፣ መሬት ላይ በሚጎተቱ ከባድ ገመዶችና በሸራ ፊኛውን መምራት እንደሚቻል አምኖ ነበር። የገመዶቹ አብዛኛው ክፍል በተነሡበት ቅጽበት ተፈትቶ ቀረ፤ ፊኛው ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ በረዶው ላይ ወረደ፤ ሦስቱም ሰዎች በእግር ሲመለሱ ሞቱ። አስከሬናቸው፣ ማስታወሻቸውና ያነሡት ፎቶ ግራፍ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። አንድሬ ጎበዝ መሐንዲስ ነበር። የጎደለው ስለ ዋልታው ነፋስ በአስተማማኝ ሁኔታ የተለካ መረጃ ነበር፤ ያን መረጃ ደግሞ በዚያ ዘመን ማንም አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የለወጠው ትንበያ ነው። ማክሲ አንደርሰንና ቤን አብሩዞ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1977 አትላንቲክን ለመሻገር ሞክረው በአይስላንድ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወደቁ። በማግስቱ ዓመት ኦገስት ላይ ላሪ ኒውማንን ጨምረው፣ «ደብል ኢግል 2» በተባለው የሂሊየም ፊኛ ከሜይን ግዛት ተነሥተው ከ137 ሰዓታት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ወረዱ። በፊኛ አትላንቲክን ለመሻገር የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው፤ በጉዞው ሁሉ ምድር ላይ ያለ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ከፍታቸውን ይመክራቸው ነበር። የዚህ በረራ የቆይታ ክብረ ወሰን ለጋዝ ፊኛ ከሠላሳ ስድስት ዓመታት በላይ ሳይሰበር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ትሮይ ብራድሊና ሊዮኒድ ቲዩክትያዬቭ ከጃፓን ተነሥተው ከ160 ሰዓታት በላይ በመብረር በሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ ተሰበረ።

ከሁሉም ይልቅ ግን ለክርክሬ የሚጠቅመኝ የበርትራንድ ፒካርና የብራያን ጆንስ ጉዞ ነው። «ብራይትሊንግ ኦርቢተር 3» የተባለው ፊኛቸው ሂሊየምንና ሙቅ አየርን የሚያጣምር ነበር፤ ሌሊት ጋዙን በእሳት በማሞቅ አሸዋ ከማፍሰስ ይድናል። (የዚህ ዐይነቱ ፊኛ «ሮዚየ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከፈረንሳዊው የፊኛ አብራሪ ከፒላትር ደ ሮዚየ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1785 ከእሳት ጋር ያጣመረው ሃይድሮጅንን ስለነበረ ሕይወቱን አጥቷል፤ ሂሊየም ግን አይቀጣጠልም።) ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1999 ከስዊዘርላንድ ተነሥተው ዓለምን በሙሉ ዞሩና በማርች 21 የግብፅ በረሃ ላይ ወረዱ፤ የተጓዙት 45,755 ኪሎ ሜትር ነው። ጉዟቸውን ወደ ምሥራቅ ለማድረግ የተነሡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሄዱት ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሞሮኮና ወደ ሞሪታኒያ ነበር። ይህን ያዘዙት ጄኔቭ የተቀመጡት ሁለት የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች፣ ሉክ ትሩልማንስና ፒየር ኤከርት ናቸው፤ ሰሃራን ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጠው ፈጣን የላይኛው ነፋስ የሚገኘው እዚያ መሆኑን አስልተው ነበርና። ቻይና የአየር ክልሏን የፈቀደችው ከ26ኛው የኬክሮስ መስመር በስተ ደቡብ ብቻ እንዲያልፉ ነው፤ ሞተር የሌለው ነገር በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች አንዲት መስመር ሳይነካ እንዲያልፍ ማድረግ ነፋሱን በየከፍታው ማወቅን ይጠይቃል። አለፉም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ደግሞ ባለሙያዎቹ ገና ያልተፈጠረ፣ በትንበያቸው ብቻ ያዩትን ነፋስ ለመያዝ ከቀጥተኛው መንገድ ርቀው ወደ ደቡብ እንዲወርዱ መከሯቸው፤ ነፋሱም በተባለው ቦታ ተገኘ። እኔ ይህን ጉዞ የማስተምረው የሁለት ደፋሮች ታሪክ አድርጌ አይደለም። የአራት ሰዎች ታሪክ ነው፤ ሁለቱ መሬት ላይ፣ ከካርታና ከኮምፒውተር ፊት ነበሩ።

ለባልደረባዬ የምመልሰው እዚህ ላይ ነው። የእነ ትሩልማንስ ስሌት የቆመው በየዕለቱ ከዓለም ዙሪያ በሚለቀቁ ትንንሽ ፊኛዎች ልኬት ላይም ጭምር ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ራዲዮሶንድ የሚባል ቀላል መሣሪያ በሃይድሮጅን ወይም በሂሊየም ፊኛ አንጠልጥለው ይለቅቃሉ። ፊኛው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ እስኪፈነዳ ድረስ መሣሪያው ሙቀትን፣ እርጥበትንና ግፊትን ይለካል፤ ከቦታ ቦታ ሲንሸራተት ደግሞ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ በየከፍታው ይነግራል። ከዚያም በትንሽ ጃንጥላ ይወርዳል። እንዲህ ያሉት ጣቢያዎች በጣም ከሳሱባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ አፍሪካ ነው። የሌሎች አገሮች ሰማይ በየዕለቱ ሲለካ የእኛው በአብዛኛው በግምት ይሞላል፤ ግምቱ ሲሳሳት የሚጎዳው ደግሞ እዚሁ ያለው ገበሬ ነው።

የጅማ ገበሬ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የለቀመውን ቡና አልጋ ላይ ዘርግቶ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ለሳምንታት ያደርቃል። በዚህ መካከል ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብ የዓመት ልፋቱን ሻጋታ ላይ ይጥላል። የሁለት ቀን አስተማማኝ ማስጠንቀቂያ ቢያገኝ ሸራ ያለብሳል፣ ልጆቹን ይጠራል። የክረምቱ ዝናብ ራሱ መሠረቱ በእነዚያ ሁለት ነፋሳት ላይ ነው፦ ታችኛው እርጥበቱን ያመጣል፤ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ከሕንድ በኩል የኢትዮጵያን ሰማይ አቋርጦ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ደግሞ ብርታቱ ከክረምቱ ብርታት ጋር የተያያዘ መሆኑን ባለሙያዎች ያውቃሉ። የላይኛውን ነፋስ መለካት ለእኛ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቡና አድርቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጎረቤታችን ኬንያም ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 «ሉን» የተባለው ኩባንያ በ20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሚንሳፈፉ የሂሊየም ፊኛዎች የኢንተርኔት አገልግሎት ጀምሮ ነበር። ፊኛዎቹ የተለቀቁት ከፖርቶ ሪኮና ከኔቫዳ ሲሆን፣ ከፍታቸውን ብቻ እየቀያየሩ ከአንዱ ነፋስ ወደ ሌላው በመሻገር ውቅያኖስና አህጉር አቋርጠው ኬንያ ሰማይ ላይ ደርሰዋል። ኩባንያው ገቢው ወጪውን ሊሸፍንለት ባለመቻሉ በጃንዋሪ 2021 ተዘግቷል። የንግዱ መክሰር ግን ፊኛዎቹ ያለ መሪ የታሰበላቸው ቦታ መድረሳቸውን አይሽረውም።

ሰው የጫነ ፊኛ ከጅማ ይነሣ እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በሚካሄደው የጎርደን ቤኔት የጋዝ ፊኛ ውድድር ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። በ1923 ከብራስልስ የተነሡ አምስት አብራሪዎች በመብረቅ ሞተዋል፤ በሴፕቴምበር 1995 ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን ቤላሩስ ሰማይ ላይ በጦር ሄሊኮፕተር ተመትተው ተገድለዋል። ሃይድሮጅን እንደ ዋዛ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ ነጎድጓድ ከመምጣቱ በፊት በጠዋት መለቀቅ አለበት። የአየር ክልሉ ባለቤት አለውና ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ አንድም ፊኛ መነሣት የለበትም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የግብርና ኮሌጅም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በአንድ ጥላ ሥር ያሉት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ተስማምቶ፣ ቢያንስ በክረምቱ ወራትና በቡና ማድረቂያው ወቅት የመለኪያ ፊኛ ከጅማ በመደበኛነት ይልቀቅ፤ ሃይድሮጅኑን እዚሁ ውኃን በኤሌክትሪክ በመለየት ማምረት ይቻላል፤ ልኬቱም ለትንበያ ባለሙያውም ለተማሪውም ክፍት ይሁን። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየተራ እየመጡ ፊኛው የት እንደሚወርድ አስቀድመው ያስሉ፤ ከዚያም ስሌታቸውን ከእውነቱ ጋር ያስተያዩ። የጠየቀችኝ ተማሪ መልሷን ከእኔ ቃል ይልቅ ከዚህ ሥራ ብታገኘው እመርጣለሁ።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1783 ዣክ ሻርል ሰው ያልያዘ የመጀመሪያውን የሃይድሮጅን ፊኛ ከፓሪስ ሲለቅቅ፣ ፊኛው ጎኔስ በተባለ መንደር ወረደና የደነገጡት ገበሬዎች በመንሽ ቦጫጨቁት፤ መንግሥትም ነገሩ የማያስፈራ መሆኑን ለሕዝብ በአዋጅ ማሳወቅ ግድ ሆነበት። በሐምሌ ከጅማ የተለቀቀ ፊኛ መጀመሪያ ወደ ሰኮሩ ዘንበል ብሎ፣ ከፍ ሲል ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ሲፈነዳም ሣጥኑ በጌራ ወይም ከዚያ አልፎ በማሻ በኩል ጫካ ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በካፊኖኖና በሸኪኖኖ «ይህ የነፋስና የዝናብ መለኪያ ነው፤ አይጎዳም፤ ያገኘው ሰው በአቅራቢያው ላለ ትምህርት ቤት ያስረክብልን» ተብሎ ይጻፍ፤ ጽሑፉንም ቋንቋዎቹን በአፍ መፍቻነት የሚናገሩት የጅማ ተማሪዎች ራሳቸው ያዘጋጁት።