ስምንቱን አይተው ሦስት ከሩብ ለሚቆጥሩት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ዊንዶውስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ተገጥሞ ሳለ ያልተቆጠረን ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ይመለከታል

ክቡር ሆይ፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤታችን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ሲመጡ፣ እርስዎ አንዱን ፋይል ሳይዘጉ ሌላውን ለመክፈት የሚያምጡትን ምጥ ያየ ሰው ሁሉ ስለ ጤናዎ መጠየቁ አይቀርም።

እኛም አቅም አንሷቸው ነው ብለን አዝነን፣ የነበረዎትን ባለ 2 ጊጋ ራም አስነስተን በምትኩ ሁለት ባለ 4 ጊጋ አስገጠምንልዎት። እርስዎ ግን ስለ ራስዎ በሚገልጹበት መስኮት ላይ «የተገጠመው ራም 8.00 ጊጋ ባይት» ካሉ በኋላ፣ ቅንፍ ከፍተው «ጥቅም ላይ የሚውለው 3.25» ብለው ጻፉ። ጭራሽ አላየሁም ቢሉ ኖሮ በዓይንዎ በፈረድን ነበር፤ ስምንት መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ እዚያው መስመር ላይ ከግማሽ በላዩን መካድ ግን ለየት ያለ ድፍረት ይጠይቃል። በእኛ በወሎ፣ ረከቦት ላይ ስምንት ሲኒ ደርድሮ ሦስት ከሩቡን ብቻ ቀድቶ «ቡናው አልቋል» የሚል ቡና አፍይ እስከ በረካ የሚታገሠው እድምተኛ አያገኝም።

የጥገና ባለሙያው መጀመሪያ የጠረጠረው እርስዎን አልነበረም። «ጋሼ፣ አብሽሩ፤ አቧራ ይዞት ነው» ብሎ ራሞቹን ነቀለና ወርቅማ ጥርሶቻቸውን በላጲስ ፈተገ፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ አራግፎ፣ የዳርና ዳሩ መያዣ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ተጭኖ መለሳቸው፤ ቦታ አቀያየራቸው፤ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ለብቻው ሞከረ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከእርስዎ በፊት ተነሥቶ የተገጠመውን የሚቆጥረው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ሲጠይቅ 8192 ሜጋ ባይት የሚል መልስ አገኘ። በዚህ ጊዜ ምስክር ቆመብዎ።

ቀጥሎ ኤምኤስኮንፊግ የሚባለውን የእርስዎን ማስተካከያ መስኮት ከፍቶ የቡት (የአነሣስ) ክፍሉን ፈተሸ። እዚያ «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚል ሳጥን አለ። (በስሙ ተታልለው ራም ይጨምርልናል ብለው ምልክት የሚያደርጉበት ሰዎች አሉ፤ ሳጥኑ ግን ጣሪያ ያበጃል እንጂ አንዲት ባይት አይጨምርም። ስም ያወጣለትን ሰው አላመሰግነውም።) የእኛ ባዶ ነበር። በባዮስ ውስጥ ያለው፣ በመሣሪያዎች አድራሻ የተጋረደውን ራም ወደ ሌላ አድራሻ የሚያዛውረው የሜሞሪ ሪማፕ ምርጫም እንደበራ ነው። አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ከራሙ ቆንጥሮ ይወስዳል ቢባል እንኳ፣ 4.75 ጊጋ ባይት ቁንጥር አይባልም።

በመጨረሻ ከዚያው መስኮት ዝቅ ብሎ የተጻፈው ተነበበ፤ ለካ እርስዎ ባለ 32 ቢት፣ ማለትም የራምን አድራሻ በ32 የዜሮና የአንድ አሃዞች ብቻ የሚጽፉ ኖረዋል! ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሥራት እየቻለ፣ እርስዎ በ32 ቢት አድራሻ 4,294,967,296 ባይት፣ ማለትም 4 ጊጋ ባይት ድረስ ብቻ ይቆጥራሉ። ከዚያችው ላይ ደግሞ ለግራፊክስ ካርዱና ለሌሎቹ መሣሪያዎች የሚሆን አድራሻ ቀድመው ይቀንሱና የተረፈውን ለእኛ ይሰጣሉ። ባዶ እጁን የመጣ መሣሪያ አድራሻ ተሰጥቶት፣ በገንዘብ የተገዛው ራም ደጅ ይጠናል።

«አቅሜ ይኸው ነው» እንዳይሉ ደግሞ ዘመዶችዎ ያሳጡዎታል። ፒኤኢ የሚባለው ስልት እ.ኤ.አ. ከ1995ቱ ፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ በፕሮሰሰሮች ውስጥ አለ፤ በእርሱ አማካኝነት ሊነክስ የሚባለው ሌላው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በባለ 32 ቢቱ እንኳ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ሲያይ ኖሯል። ሰርቨር ሆነው ከተሾሙት ባለ 32 ቢት ወንድሞችዎ መካከልም እንዲሁ የሚያዩ ነበሩ። ስለዚህ እርስዎን የያዘዎት የተሰጠዎት ፈቃድ (ላይሰንስ) ነው። የቤተሰቡን ልማድ ለሚያውቅ ይህ አይደንቅም፤ ከዊንዶውስ 7 እትሞች ስታርተር የሚባለው ከ2 ጊጋ ባይት አያልፍም፣ ሆም ቤዚክ የሚባለው በ64 ቢቱ እንኳ 8 ላይ ይቆማል፣ ሆም ፕሪሚየም 16 ላይ።

በመሆኑም፣ ከ32 ወደ 64 ቢት በማሻሻያ መሸጋገር ስለማይቻል፣ የደንበኞቻችን ፋይሎች ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ተገልብጠው እንዳለቁ ዲስኩ ተጠርጎ በምትክዎ ሌላ የሚጫን መሆኑን እናሳውቃለን። አሮጌው ስካነራችን ባለ 64 ቢት ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ካልተገኘለት አብሮዎት ይሰናበታል፤ የመሸኛ ወጪዎን ከእርሱ ጋር ይካፈሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባዮስ፦ የተገጠመውን ሁሉ ሳይሸራርፍ ስለቆጠረ፣ ለምስጋና
ለሁለተኛው ባለ 4 ጊጋ ራም፦ ሥራ ሳይጀምር ሰነባብቷልና በትዕግሥት እንዲጠብቅ
ለጥገና ባለሙያው፦ ባለ 64 ቢቱን ፍላሽ ይዞ እንዲመጣ፤ ላጲሱን ይተወው