የቦክስውድ ቅጠል ቢጫ መሆን ሁልጊዜ የውሃ ጥም አይደለም
ለአጥርና ለጌጥ ስለሚተከለው የቦክስውድ ቁጥቋጦ፣ «የቦክስውድ ቅጠል ቢጫ ከሆነ ውሃ ጠምቶታልና ጠዋትና ማታ አጠጡት» በማለት አንዳንዶች የሚሰጡት ምክር፣ በቅንነት የቀረበ ቢሆንም፣ እርማት ያስፈልገዋል። የቦክስውድ ሥር ከአፈሩ ገጽ ብዙ የማይርቅና አየር የሚሻ በመሆኑ፣ እንደ ሱሉልታ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች በሚገኘው፣ ውሃ ይዞ ቶሎ በማይለቀው መረሬ አፈር ላይ በየቀኑ ውሃ ሲፈስበት ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል፣ ተክሉ ረግረግ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይኸው መልክ ይመስለኛል። ስለዚህ አስቀድሞ ጣትን ወደ አፈሩ አስገብቶ መፈተሽ፣ እርጥብ ከሆነም ማጠጣቱን ማቆም ይገባል፤ አዲስ የሚተክል ሰው ከዙሪያው ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢተክል፣ የክረምቱ ዝናብ በሥሩ ላይ አይተኛበትም። አፈሩ ጠፈፍ ያለ ሆኖ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ግን የናይትሮጅን እጥረትም ሊሆን ይችላል።