ስለ ቴድ ኩዘር የተረሳው ነገር

ጽሑፋችሁ ስለ አሜሪካዊው ገጣሚ ቴድ ኩዘር ብሔራዊ ባለቅኔነትና እ.ኤ.አ. በ2005 ስላገኘው የፑሊትዘር ሽልማት ብዙ ብሎ፣ ኔብራስካ ውስጥ በኢንሹራንስ ሥራ ያሳለፋቸውን አሥርተ ዓመታት በአንድ መስመር አለፋቸው። ሰውዬው እኮ የኩባንያ ምክትል ፕሬዝዳንት እስከ መሆን ደርሷል! ግጥሙን የሚጽፈው ማለዳ፣ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ነበር። የጻፈውን ለቢሮው ጸሐፊ ያሳያታል፤ አልገባኝም ካለች መልሶ ያስተካክለዋል። (የኛዎቹ ገጣሚያን ይስሙልኝ!) ካንሰር ታሞ የጨረር ሕክምና ከወሰደ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ስለተከለከለ፣ ሳይነጋ በእግሩ ወጣ ይልና ሲመለስ አጭር ግጥም ይጽፍ ነበር። ያቺን ፖስት ካርድ ላይ ለጥፎ ለወዳጁ ለደራሲ ጂም ሃሪሰን ይልክ ነበር። በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ያስተማራቸው ልጆች ታድለዋል። እኔ የገጠመኝ መምህር፣ ግጥሜ ስለገባው ብቻ «ተራ ነው» ብሎ መልሶልኛል።