የሀበሻ ውሻ ቋንጣ ምንም አይለውም ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ሰውየው ከገመድ ላይ ቋንጣ መዝዞ ለውሻው ይወረውራል። ውሻው አየር ላይ ይቀልባል። ከዚያ ሰውየው ወደ ካሜራው ዞሮ «ይሄ የፈረንጅ ውሻ መሰላችሁ? የሀበሻ ውሻ ምንም አይለውም» ይለናል። ስንቱ እንዳጨበጨበለት!

በምን ሒሳብ? የሀበሻ ውሻ የተለየ ደምና ኩላሊት የሰጠው ማነው? «ስንት ዘመን ሲበላ ኖሮ አልሞተም» ይላሉ። ማን ቆጥሮ? እዚህ አገር ውሻ ሲሞት የሚያስመረምር ስንት ሰው አለ? «ጎረቤት መርዝ አበላብኝ» ተብሎ ጠብ ይነሣል፣ ውሻው ይቀበራል፣ በቃ።

እኔን የሚያናድደኝ ከጨዉም በላይ በርበሬው ነው። ሰው የሚያስበው ማቃጠሉን ብቻ ነው። በርበሬ ሲደለዝ እኮ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ቀይ ሽንኩርት የሚጨምርም አለ። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ነጩ ደግሞ ይብሳል። ቢቀቀልም ቢጠበስም መርዝነቱ አይለቀውም። ደርቆ ሲፈጭማ ጭራሽ ይጠነክራል፤ የሚተነው ውኃው ነዋ! ደግሞ ውሻው ዛሬ በልቶ ዛሬ አይወድቅም። ድዱ የሚነጣው፣ ሽንቱ የሚጠቁረው፣ በር ሲንኳኳ መነሣት የሚያቅተው ከቀናት በኋላ ነው። ያኔ ቋንጣውን ማን ያስታውሰዋል? ጎረቤት አለላችሁ።

«ትንሽ ቁራጭ አይገድልም» የሚሉም አሉ። እሺ፣ ትልቅ ውሻ አንዲት ቁራጭ ሰርቆ ቢበላ አይሞትም እንበል። ግን ጨዉን ከሰውነቱ የሚያስወጣለት ውኃ ነው። የየግቢያችንን ውሻ ደግሞ እናውቀዋለን። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ፣ የውኃ ሳህኑ ደርቆ፣ ዝንብ ሰፍሮበት ይውላል። እዚያ ላይ ጨው ትጨምርለታለህ! ጨው ሲበዛበት ያስታውካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ይንፈራገጣል። ይህን አይቶ «በሽታ ገባበት» የሚል ባለቤት ሞልቷል።

ለውሻህ ካዘንክ ሥጋው ሲዘለዘል፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው፣ አንድ ዝልዝል ለብቻው ቀቅለህ ስጠው። ሳህኑንም ውኃ ሙላለት።