ፋብሪካ የገባ ዶክተር አልባከነም

ሦስተኛ ዲግሪውን የጨረሰ ሰው ፋብሪካ ተቀጠረ ሲባል ዘመድ አዝማዱ ግራ ይገባዋል። «ይህን ሁሉ ተምሮ እንዴት ዩኒቨርሲቲ አላስተማረም?» ይላል። ዩኒቨርሲቲውም ከዘመድ ብዙ አይሻልም፤ ዶክተሩ ወደ ኩባንያ ሲሄድ ከለቀቁት ጋር ይቆጥረዋል። በአንዳንድ የትምህርት መስክ ቅሬታው ምክንያት ይኖረው ይሆናል። መድኃኒት፣ ክትባትና ኢንዛይም በሕያው ሴል በሚመረትበት በባዮፕሮሰስ ምህንድስና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ፤ የሚባክነው ፋብሪካ ያልገባው ነው።

እንግሊዞች ለዚህ ብለው ለብቻው ዲግሪ አበጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተጀመረውና በአጭሩ «ኢንጂዲ» የሚባለው የምህንድስና ዶክትሬት በደረጃ ከፒኤችዲ አያንስም። አራት ዓመት ይፈጃል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አለው፣ ተማሪውም በፈታኞች ፊት ቀርቦ ይሟገታል። የሚለየው የጥናቱ ጥያቄ በሚመጣበት በር ነው፤ ጥያቄውን የሚያመጣው ኩባንያው ነው። ተማሪው አንድ አማካሪ ከዩኒቨርሲቲ፣ አንድ አማካሪ ከኩባንያ ይመደብለታል። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ንድፍ ከጊዜው ሦስት አራተኛውን የሚያሳልፈው ኩባንያው ውስጥ ነው፤ የሚጠራውም «ተመራማሪ መሐንዲስ» ተብሎ ነው። መንግሥት ከሚሰጠው የምርምር ገንዘብ ላይ ኩባንያውም ያዋጣል። በባዮፕሮሰስ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ማለትም በዩሲኤል የሚገኘው የባዮኬሚካል ምህንድስና ክፍል ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ ያለው ኒውካስል ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ፕሮግራም አካሂዷል።

ይህ መስክ ከፋብሪካ ጋር ለምን እንዲህ ተቆራኘ? ቤቷ ለአምስት ሰው ድንቅ ወጥ የምትሠራ ሴት ለአምስት መቶ የሠርግ እንግዳ ስትሠራ ሽንኩርቱንም እሳቱንም ሰዓቱንም በመቶ አባዝታ አይሆንላትም። ሴልም እንዲሁ ነው። በአንድ ሊትር ዕቃ ተመችቶት የሚያድገው ሴል ሁለት ሺህ ሊትር ባዮሪአክተር፣ ማለትም ሴል የሚያድግበት የፋብሪካ ታንከር ውስጥ ሲገባ ሌላ ዓለም ይገጥመዋል። የዕቃው ቅርጽ ሳይለወጥ ይዘቱ 1,000 ጊዜ ቢያድግ፣ ሙቀት የሚወጣበት የግድግዳው ስፋት የሚያድገው 100 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ኦክስጅን እንዲዳረስ በኃይል ቢበጠበጥ አረፋው ይበዛል፣ ሴሉም ሊጎዳ ይችላል፤ በቀስታ ቢማሰል ደግሞ አንዱ ጥግ በስኳር ሲጥለቀለቅ ሌላው ይራባል። በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ይህ ችግር አይታይም። የሚታየው አንድ ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚመረተው ምርት ሲበላሽ ብዙ ገንዘብ አብሮ በሚፈስበት ቦታ ነው።

ዩሲኤል በዚህ ረገድ የታወቀበት አንድ ዘዴ አለ፤ በፋብሪካው ግዙፍ ሴንትሪፉጅ (እያሽከረከረ ሴሉን ከፈሳሹ የሚለይ ማሽን) ውስጥ በሴሉ ላይ የሚደርሰውን ጫና በጥቂት ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ መድገም። ዘዴው ብልህነት ብቻውን የወለደው አይመስለኝም። ትልቁ ማሽን ምን እንደሚያደርግ ሳያውቁ ትንሹን እንደ ትልቁ እንዲሆን ማድረግ አይቻልም፤ ትልቁ ማሽን ያለው ደግሞ ኩባንያው ግቢ ነው።

ፔኒሲሊንም ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኙት በ1928 ቢሆንም ከአሥር ዓመት በኋላም ለሕዝብ የሚበቃ መድኃኒት አልነበረም። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊን የሚያመነጨውን ሻጋታ የሚያሳድጉበት ዕቃ አጥተው የሆስፒታል ሕሙማን አልጋ ላይ የሚጸዳዱበትን ሰፌድ መሳይ ዕቃ ሳይቀር ተጠቅመዋል። በ1941 ከእነዚህ ተመራማሪዎች መካከል ሃዋርድ ፍሎሪና ኖርማን ሂትሊ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ኢሊኖይ ግዛት፣ ፒዮሪያ ከተማ የሚገኝ የመንግሥት የግብርና ላቦራቶሪ ደረሱ። እዚያ ሻጋታው በበቆሎ ስታርች ፋብሪካ ተረፈ ምርት ሲመገብ ምርቱ ከፍ አለ። በ1944 ፋይዘር ብሩክሊን ውስጥ በገዛው የቀድሞ በረዶ ፋብሪካ እያንዳንዳቸው 28 ሺህ ሊትር ገደማ የሚይዙ 14 ታንከሮች ሥራ አስጀመረ። ፔኒሲሊን በገፍ የሚመረትበትን የጥልቅ ታንከር ፋብሪካ ከነደፉት መሐንዲሶች አንዷ ማርጋሬት ሃቺንሰን ሩሶ ናቸው፤ በ1937 ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲ በኬሚካል ምህንድስና ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት። ሥራቸው ፋብሪካ መንደፍ ነበር። እሳቸውንስ «ተምረው ባከኑ» የሚል ዘመድ ይኖር ይሆን?

የኢንጂዲ ምሩቃን የሚሄዱባቸው መንገዶች ከውጭ ሲታዩ የተበታተኑ ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ኩባንያ ውስጥ የአመራረት ሂደትን በማሻሻል ነው። ቀጥሎ አንዱ ወደ ጥራት ቁጥጥር ይገባል፤ ሌላው ለመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የሚቀርበውን የአመራረት ማስረጃ ያዘጋጃል፤ ሌላው ለሌሎች በኮንትራት ወደሚያመርት ድርጅት ወይም ባዮሪአክተር ወደሚሠራ ኩባንያ ያልፋል። ገንዘባቸውን የት እንደሚያውሉ ለባለሀብቶች የሚያማክሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የሚያስተምሩም አሉ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ከውጭ ሰው የማያስተውለው የቴክኖሎጂ ሽግግር ሥራ ነው፤ አንድን አመራረት ከአንድ ፋብሪካ ነቅሎ ሌላ አገር ባለ ሌላ ፋብሪካ መትከል።

ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በኮቪድ ጊዜ ዓለም ሁሉ አይቶታል። የኦክስፎርድና የአስትራዜኔካ ክትባት የሕንዱን ሴረም ኢንስቲትዩት ጨምሮ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ ፋብሪካዎች ሲመረት፣ ሴሉም ቫይረሱም አንድ ነበር። ሆኖም በጥር 2021 ኩባንያው ለአውሮፓ ኅብረት ቃል የገባውን ያህል እንደማያደርስ አስታወቀ፤ የሰጠው ምክንያትም ቤልጂየም ያለው ፋብሪካ የሚያወጣው ምርት ከታሰበው ማነሱን ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፖለቲከኞቹ ስለ ውል ሲነታረኩ፣ መፍትሔውን መፈለግ የነበረበት ሴሉ በዚያኛው ባዮሪአክተር ለምን እንዳነሰ የሚገባው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በስድስት ወር ሥልጠና አይገኝም፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ከኦፕሬተሮች ጋር ፈረቃ ያደረ መሆን አለበት።

ፕሮግራሙ እንከን የለውም አልልም። ኩባንያ ምስጢሩን ይጠብቃል፤ ተማሪው ያገኘውን ውጤት ለማሳተም ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት ሊያልፉበት ይችላሉ። ኩባንያዎች ይዋሃዳሉ፣ ይሸጣሉ፣ ዕቅድ ይቀይራሉ፤ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ላይ የደረሰው ተማሪ ጥያቄው ባለቤት ያጣል። ደካማ አማካሪ የገጠመው ደግሞ በዶክትሬት ስም ርካሽ ቴክኒሽያን ሆኖ ይቀራል። በዚህ በኩል ዴንማርክና ፈረንሳይ ከእንግሊዝ የተሻለ አስበዋል ብዬ አምናለሁ። ፈረንሳይ ከ1981 ጀምሮ ባለው «ሲፍር» በተባለው ሥርዓቷ፣ ዴንማርክም ከዚያ በቀደመው የኢንዱስትሪ ፒኤችዲዋ ተማሪውን ኩባንያው በደመወዝ ይቀጥረዋል፤ መንግሥት ደግሞ ኩባንያውን ይደጉማል። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የሥራ ውል አለው፣ መብቱን የሚጠይቅበት ሕግም አለው።

ወደ እኛ ስንመጣ የመጀመሪያው መከራከሪያ «ኩባንያው የታለ?» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። የሰው ክትባት የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ የለንም፤ አፍሪካም በጠቅላላው ከምትጠቀመው ክትባት 99 በመቶውን ከውጭ እንደምታስገባ ተነግሮ፣ የአፍሪካ ኅብረት በ2021 ይህን ገልብጦ በ2040 60 በመቶውን እዚሁ ለማምረት ግብ ጥሏል። ነገር ግን ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ብሔራዊ ኢንስቲትዩት አለን። እዚያው ከተማ የአኅጉሩን የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚፈትሸው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከል፣ ፓንቫክ፣ አለ። በክፉ ቀን ከብቶቻችንን የፈጀው የደስታ በሽታ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ሲታወጅ እነዚህ ተቋማት ድርሻ ነበራቸው። አሁን ደግሞ ዓለም ፒፒአር የተባለውን የበግና የፍየል በሽታ በ2030 ለማጥፋት ተነስቷል።

ቢሾፍቱ የዶክትሬት ጥያቄ አያጣም። በረዶ ሆኖ የደረቀ የክትባት ቫይረስ ማቀዝቀዣ በሌለበት በአፋርና በቦረና ሙቀት ስንት ቀን ይቆያል፤ ማድረቂያው ላይ ምን ቢለወጥ ዕድሜው ይረዝማል? በጠርሙስ የሚያድግ ሴል ወደ ባዮሪአክተር ቢዛወር የአንድ ዶዝ ዋጋ ይወርዳል ወይስ የሚጨምረው የብልሽት መጠን ነው? ከክትባት ውጭም የቢራ ፋብሪካዎቻችን በየቀኑ እርሾ ያራባሉ፤ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኤታኖል ያወጣል። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የባዮቴክኖሎጂና የባዮፕሮሰስ የልህቀት ማዕከል ተቋቁሟል። ጥያቄና ዩኒቨርሲቲ ካለ፣ የጎደለው ሁለቱን የሚያስር ውል ነው።

ውሉ ሲጻፍ የዴንማርኩን መንገድ እመርጣለሁ። ተማሪው ቢሾፍቱ ወይም ፊንጫ በደመወዝ ይቀጠር፤ መንግሥት የደመወዙን ከፊል ይሸፍን። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአማካሪው የደረጃ ዕድገት ሲሰጡ የሚቆጥሩት በአመዛኙ በጆርናል የታተመ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ፋብሪካው ተቀብሎ በሥራ ላይ ያዋለው የአመራረት ለውጥም እንደ አንድ የታተመ ጽሑፍ ይቆጠርለት። አለበለዚያ በየሳምንቱ ቢሾፍቱ የሚመላለስ ፕሮፌሰር አይገኝም። ኅትመትን ኩባንያው ሊያዘገይ የሚችልበት ጊዜ በወራት ተለክቶ ይቀመጥ። ድርጅቱ ፕሮጀክቱን በመሐል ቢተወው ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን በተሰበሰበው መረጃ የማስጨረስ ግዴታ እንዳለበትም ከፊርማው በፊት ይጻፍ።