የተሸነፈ ይነሳል

እዚህ አሜሪካ የማታ ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ ኡበር የሚነዳው፣ አዛውንት የሚንከባከበው። ከሥራ ሲወጣ ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ የእሱ እንቅልፍ ደግሞ ቶሎ አይመጣም። ሱስ የሚገባው በዚያች ባዶ ሰዓት ነው። አንዱን ጫት ይይዘዋል፣ ሌላውን ዩቲዩብ ላይ ያለው የአገር ቤት ፖለቲካ፣ ሌላውን የኳስ ውርርድ። እኔን የያዘኝ ሲቪላይዜሽን የሚባል የኮምፒውተር ጌም ነው።

ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ላይ ትጀምራለህ። ከተማ የሚቆረቁሩ ሰዎችና አንድ ጦረኛ ይሰጡሃል። ከዚያ ትቆረቁራለህ፣ ታርሳለህ፣ ጽሕፈት ትፈጥራለህ፣ ትዋጋለህ፣ ትታረቃለህ፣ እስከ 2050 ድረስ። መሯሯጥ የለም፣ ጣት ማፍጠን የለም። የፈለግኸውን አዝዘህ ስትጨርስ ከታች በስተቀኝ ያለችውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሌሎቹ ነገሥታት የራሳቸውን ያደርጋሉ፣ ተራው ተመልሶ ወደ አንተ ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። ሲያወሩት እንቅልፍ ያመጣል፣ ሲጫወቱት ግን ጎህ ይቀዳል።

ለምን እንደሚይዝ ብዙ አስቤበታለሁ። ተንኮሉ ነገሮች አንድ ላይ እንዳያልቁ መደረጉ ላይ ነው። ጎተራው ሁለት ተራ ይቀረዋል። ብረት ማቅለጥ ለመማር አራት ተራ። ጦሩ ድንበር ለመድረስ ሦስት። ጎተራው ሲያልቅ «እንግዲህ ልተኛ» ትላለህ፣ ግን ጦሩ ነገ ሳይሆን አሁን፣ በሚቀጥለው ተራ ሊደርስ ነው። ጦሩ ሲደርስ ትምህርቱ አንድ ቀርቶታል። ሁልጊዜ ሊደርስህ አንድ ሳምንት የቀረው እቁብ ማለት ነው፣ ያውም አራት አምስት ቦታ የተጣለ። ጨዋታውን አሸንፈህ ስትጨርስ እንኳ አይለቅህም። እዚያው የድሉ ገጽ ላይ «አንድ ተራ ብቻ ልጨምር» የምትል ቁልፍ አስቀምጠውልሃል። ሠሪዎቹ የሚሠሩትን ያውቃሉ ማለት ነው!

ስደተኛን ደግሞ ለየት አድርጎ የሚይዝበት ምክንያት ያለው ይመስለኛል። በጌሙ ውስጥ የሁሉም ነገር ቀሪ ጊዜ ተጽፎልሃል። ይህ ግንብ 9 ተራ፣ ይህ መንገድ 3 ተራ። እዚህ ወረቀት የሚጠብቅ ሰው ይህን አይቶ አያውቅም። ኬዝህን ዌብሳይት ላይ ትከፍታለህ፣ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ይላል። ከወራት በኋላ ትከፍታለህ፣ አሁንም ደርሷቸዋል። ስንት ተራ እንደቀረህ የሚነግርህ የለም። እንዲህ ሲጉላላ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ «የእህል ጎተራ፦ 2 ተራ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ነፍሱ መለስ ትላለች። ሳቁ እንጂ እውነቴን ነው።

የሚገርመው ሠሪዎቹም ጎረቤቶቻችን ናቸው። የመጀመሪያው ሲቪላይዜሽን የወጣው በፈረንጆቹ 1991 ነው፣ እኛ ደርግን በሸኘንበት ዓመት። ሲድ ሜየርና ባልደረቦቹ የሠሩት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ዛሬ የሚሠራው ፊራክሲስ የተባለው ኩባንያም ከባልቲሞር በስተሰሜን ነው፣ ሐበሻው ከሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። እኛም አልቀረንም። በ2007 ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ገቡ፣ በ2012 ጃንሆይ፣ በ2020 ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ። እኔ የምጫወተው አምስተኛውን ነው፣ ጃንሆይ ያሉበትን። ብቅ ብለው በአማርኛ ሲናገሩ መጀመሪያ ቀን ሳላስበው ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ለኢትዮጵያ የተሰጣት ልዩ ችሎታ ስሙ «የዓድዋ መንፈስ» ነው፦ ከእሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ያለው ጠላት ሲገጥማት ጦሯ 20 በመቶ ይበረታል። ይህን ያሰበው ሰው ታሪኩን ቁጭ ብሎ አንብቧል።

እዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲል አዲስ አበባ ረፋድ ነው። ትንሹ ወንድሜ በዚያ ሰዓት ይደውላል፣ እንደማልተኛ ስለሚያውቅ። እሱም ጌም ወዳጅ ነው፣ ግን የእሱ ኳስ ነው፣ ሰፈር ጌም ቤት ሄዶ። አንድ ቀን ስለዚህ ጌም ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ጋሼ፣ አንዱ ጌም ስንት ደቂቃ ነው?» አለኝ።

«ደቂቃ? ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል» አልኩት።

«ታዲያ ሂሳቡን ማን ይችለዋል?»

ነጥቡን መታው። ሰፈር ጌም ቤት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በር ላይ መጋረጃ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲክ። ሂሳቡ በጌም ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ቆመው «አሳልፍ እንጂ! አሳልፍ!» እያሉ ጆሮህን ይበሉታል። ተሸንፈህ «አንዴ ልድገም» ብትል የሚሰማህ የለም። በዚህ መሃል መብራት ይሄዳል፣ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኡኡ!» ይላል። ወይ አንዷ እናት መጋረጃውን ገልጣ ልጇን በስሙ ትጠራለች፣ ያኔ የእሱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም አንገት ይቀበራል። እንዲህ ባለ ቤት ሁለት ቀን የሚፈጅ ጌም ከየት ይገባል?

የእኛ የጥንት ጨዋታዎችም እንዲህ በሰው የተከበቡ ናቸው። ዳማ በቆርኪ ሲጫወቱ ከሁለቱ ይልቅ ተመልካቹ ይለፋል፣ «ብላው! ምን ታያለህ?» እያለ። በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ደግሞ የመጀመሪያው ምዕራፍ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በተራ የሚሆነው የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ ነው። ፈረንጅ ቼዝ የለመደ ሰው ይህን ቢያይ ጠብ የተነሳ ይመስለዋል።

ይሄን ሁሉ ያልኩት አገር ቤት ጨዋነት አለ፣ እዚህ የለም ለማለት አይደለም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ይሰለቹኛል። አዲስ አበባም የራሱ ላፕቶፕና ዋይፋይ ያለው ልጅ በሩን ዘግቶ ያነጋል፣ እናቱ ምሳ በር ላይ ታስቀምጥለታለች። ሌላውን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ እጦት ነው፦ መብራት፣ ብር፣ ያለቀ ፓኬጅ። እጦትን ባህል ብሎ መጥራት ደስ አይለኝም። ግን ከእጦቱ ጎን አንድ ነገር አለ፣ ወንበርህን የሚፈልግ ሰው። እዚህ ወንበሬን የሚፈልግ የለም። መብራት አይሄድም፣ የሚከፈል ሂሳብ የለም። ብሸነፍም ብረታም «ተነስ» የሚለኝ አይመጣም። ጌሙ የገዛሁበት ገጽ ላይ የተጫወትኩበትን ሰዓት ቆጥሮ ያሳየኛል፣ ቁጥሩን ለሰው አልነግርም።

በቅርቡ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ለሁለት አይሆንም?» አለ። ይሆናል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ወንበር እየተለዋወጡ መጫወት ይቻላል። ሰፈር የምናውቀውን ሕግ አወጣን፦ የተሸነፈ እራት ይሠራል፣ ሥራ ያለበት ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል። ከዚያ ማን ኢትዮጵያን ይያዝ በሚለው ተጨቃጨቅን። እሱ ቀደመኝ። እኔም በእልህ ሮምን ያዝኩ።

«አንተ ሰው፣ ሐበሻ ሆነህ ሮምን?»

«ጌም ነው ባክህ!»

ቶሎ ቶሎ ከተማ ቆረቆርኩ። እሱ ሦስት ከተማ ይዞ ሐውልት ያቆማል፣ ገዳም ገዳም ይላል። ደካማ መሰለኝ። ወንድሜ ያን ቀን በቪዲዮ ገብቶ፣ ስልኩን ማሰሮ ላይ አስደግፈንለት ያያል። ጦሬን አሰልፌ ወደ ዋና ከተማው ገሰገስኩ፣ እሱ ደግሞ መሐል ሰፋሪን አወጣብኝ። መሐል ሰፋሪ ማለት በጌሙም ለዋና ከተማው በቀረበ መጠን የሚበረታ ጦር ነው። እኔ ከእሱ የበለጠ ከተማ ስላለኝ ደግሞ ያቺ 20 በመቶ ተጨመረችበት። ያሰለፍኩት አንድ በአንድ አለቀ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ «በለው! ሮምን በለው!» እያለ ይጮኻል። «የማን ወንድም ነህ አንተ?» ስለው «ዛሬ የኢትዮጵያ ነኝ» አለኝ።

ምስር ወጥ ሠራሁ። ጨው በዝቶበታል ብለው ሁለቱም ተሳለቁብኝ፣ አንዱ እንኳ አልቀመሰውም።